ጎረቤቱን አስፈቀድህ?

ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ላብ አጥምቆኝ አያውቅም። እትዬ ሙሉነሽ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ኮፒ ቤት አላቸው። ኮምፒውተራቸው ሁለት ነገር ባንዴ ሲከፍቱበት ቀጥ ይላል።

ሜሞሪው ትንሽ ነው። ስለዚህ የዲስኩን አንድ ክፍል፣ ፓርቲሽን የምንለውን፣ ስዋፕ ላደርግለት አሰብሁ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ትእዛዝ መጻፍ ስጀምር፣ "ምን እያደረግህ ነው?" አሉኝ።

"ድግስ ቤት ሲሞላ የተረፈው እንግዳ ጎረቤት ቤት ይቀመጥ የለ? ሜሞሪው ሲሞላም የተረፈው ሥራ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል።"

"ገባኝ። ጎረቤቱን አስፈቀድህ?"

ሳቅሁ። "እትዬ፣ ስም እንኳ የሌለው ባዶ ክፍል እኮ ነው! ደግሞ ትእዛዙ ራሱ ውስጡን ጠርጎ ነው የሚያዘጋጀው።" ይህን ብዬ በኩራት ኤንተርን ተጫንሁት።

ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ ብከፋፍትበት ኮምፒውተሩ ቀጥ አላለም።

"እጅህ ይባረክ!" አሉና ወንበር ስበው ጎኔ ተቀመጡ። ነጠላቸውንም አስተካከሉ። "በል አሁን የልጄን ሰርግ ክፈትልኝ። ሙሽሪት ስትወጣ ቀጥ እያለብኝ አንድ ቀን እንኳ እስከ መጨረሻው አይቼው አላውቅም። ያስጠገንሁት ለሱ ብዬ ነው።"

"በደስታ! የት ነው ያለው?"

"የቀረጸው ልጅ ከሌላው እንዳይቀላቀል ብሎ ለብቻው ክፍል አበጅቶለታል። ስም አውጣለት ብለው፣ 'በኋላ' ብሎኝ ሄደ።"