ሁላችንም የፈረምንበት መዝገብ

እትዬ ሬዲዮ የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛው የአዋላጆች ማኅበር አባላት ነን። አፏ አያርፍም። የሽንኩርት ዋጋ፣ የልጇ ባል ማንኮራፋት፣ የጎረቤቷ ድመት፣ ሁሉም እሷ ጋ ይተላለፋል። ምጥ የያዛት ሴት እንኳ በእሷ ወሬ እየሳቀች ትገላገላለች።

የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረግናት ይህችኑ ሴት ነው ስላችሁ፣ እብድ ናችሁ እንዴ ትሉን ይሆናል። አይደለንም። እትዬ ሬዲዮ ስለ ሁሉም ነገር ታወራለች፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስላየችውና ማኅበሩ ስለረዳው ሰው ግን ትንፍሽ አትልም። "ሁለቱም ቦታ ሰው ራቁቱን ነው" ትላለች።

ማኅበራችን እኛ ከየደመወዛችን የምናዋጣውንና አንድ ድርጅት የሚሰጠውን ገንዘብ አንድ ላይ አድርጎ የታመመችውን፣ ባሏ ጥሏት የሄደባትን፣ የቤት ኪራይ ያቃታትን አባል ይረዳል። የአረዳዱን ዘዴ ያወጣችው እሷ ናት። በየወሩ መጨረሻ ሁላችንም ተራ በተራ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ወዳለችው ጠባብ ክፍሏ እንገባለን። በሩ ይዘጋል። የቸገራት ፖስታዋን ትቀበላለች፤ ያልቸገራት የድመቷን ወሬ ትሰማለች። ከዚያ ሁላችንም የእርዳታ መዝገቡ ላይ ፈርመን እንወጣለን። ኮሪደሩ ላይ ተራ የምትጠብቅ ሴት ማን ምን ይዛ እንደወጣች በምን ታውቃለች? ጠቅላላውን ሂሳብ እትዬ ከገንዘብ ያዧ ጋር ሆና ከባንክ ደብተሩ ጋር ታመሳክራለች። የተረዱትን ስም ግን ከሆዷ በቀር የሚያውቀው የለም።

አዲሷ ሊቀመንበራችን ጎበዝ አዋላጅ ነበረች ይባላል። ቢሮ ከገባች ወዲህ ግን ሕፃን ሲያለቅስ የሰማች አይመስለኝም። የድርጅቱ ሰው ማስረጃ ሲጠይቃት ማንንም ሳታማክር ያንን መዝገብ አንስታ ሰጠችው። እሷም እንደ እኛው ስትፈርምበት ኖራለች፤ ግን ትዝም አላላት። ሰውዬው ገለጥ ገለጥ አድርጎ ዓይኑ ፈጠጠ።

"አባሎቻችሁ በሙሉ ተረጂ ናቸው? እርስዎም ጭምር?"

ሊቀመንበሯ የፈረመ ሁሉ እንዳልተረዳ አስረዳችው። ሰውዬው የእውነተኞቹ ተረጂዎች ስም ከነፎቶግራፋቸው ካልመጣ ድርጅቱ እጁን እንደሚሰበስብ ነግሯት ሄደ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ሬዲዮ እንደ ወትሮዋ ከመድረኩ ጥግ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሯ ነገሩን ካስረዳችን በኋላ ወደ እሷ ዞረች።

"እትዬ፣ የተረዱትን ስም እዚሁ ይንገሩን።"

"አልናገርም።"

"ገንዘቡ ይቀርብናል እኮ!"

"ይቅር።"

"እንግዲያው ለራስዎ እንዳልወሰዱት በምን እናውቃለን?"

ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ቤት የላት፣ መኪና የላት፤ ዕድሜ ልኳን ያፈራችው ስሟን ብቻ ነው። አሁን እሱኑ ሊገፍፏት ነው! እሷ ግን ብዕሯን አላስቀመጠችም።

"ቀስ በይ፣ እየጻፍኩ ነው" አለች። "'ሊቀመንበሯ ጸሐፊዋን በሌብነት ጠረጠረች።' እሺ፣ ቀጥይ።"

አንዳንዶቻችንን ሳቅ አፈነን። ሊቀመንበሯ ፊቷ ቀላ። እትዬ ሬዲዮ ግን አልሳቀችም።

"ሌባ በሉኝ፤ እችለዋለሁ። እነሱን ግን ዛሬ ስማቸውን ብጠራ፣ ነገ አዲስ ጫማ ባደረጉ ቁጥር 'በእኛ ገንዘብ ነው' ትላላችሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሆዴ ይፍጀው።"

ይሄኔ ከመሐላችን አንዲት ሴት ብድግ አለች።

"እኔ ነኝ… እሳቸው በእኔ ምክንያት…"

"ተቀመጪ!"

የእትዬ ሬዲዮ ድምፅ አዳራሹን አናጋው። ያቺን "ቆይ፣ አትግፊ!" ስትል የምታወጣትን ድምፅ ነው ያወጣችው። ሁላችንም አዋላጆች ነን፤ እናውቃታለን።

"ማንም አልጠየቀሽም" አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። "በእኔ አዝነሽ ራስሽን አትግለጪ። ተቀመጪ፣ የኔ እናት።"

ሴትየዋ ተቀመጠች።

"ስማቸው ይነገር የምትሉ እጃችሁን አውጡ" አለች ሊቀመንበሯ፣ እልኋ ሳይበርድ። ቀድማ የራሷን አወጣች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ሌላ እጅ የለም። ገንዘብ ያዧ እንኳ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ከታ ጣራውን ታያለች። ሊቀመንበሯ እጇን ቀስ ብላ መለሰችው።

"ወጥቶ ወረደ ብዬ ልጻፍ፣ ወይስ አልወጣም?" ስትል ጠየቀች እትዬ ሬዲዮ።

ድርጅቱ እንዳለው እጁን ሰበሰበ። እኛም መዋጮአችንን ጨመርን። ቀላል አልነበረም፤ ባለቤቴ በየወሩ ያጉረመርማል። ያጉረምርም! እትዬ ሬዲዮም ጡረታዋ እስኪደርስ ከወንበሯ የነቀነቃት አልተገኘም።

ያን ቀን ብድግ ያለችውን ሴት አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷታል። እስከ ዛሬ ግን አንዲት አባል ስሟን አንስታ አታውቅም፤ ሊቀመንበሯም ብትሆን። ባለቤቴ ማን እንደሆነች ደጋግሞ ጠይቆኛል። አላየሁም አልኩት። ከጎኔ ነበረች፤ እጇን ይዤ ያስቀመጥኳትም እኔ ነኝ።