ቀለም የያዘው ወንበር

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ መሬት፣ አንድ ቃል ሳልናገር ወርጄ አውቃለሁ።

አላምንም በሉ፣ አልቀየማችሁም። የሚያውቁኝም አያምኑኝም። እኔ እኮ ጥርስ ሐኪም ቤት፣ አፌ ውስጥ ሁለት እጅ ገብቶ እንኳ፣ ስለ ሐኪሙ ጫማ አስተያየት የሰጠሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ "በእንቅልፍህም ታወራለህ፤ እንዲያውም ቀን ከምታወራው እሱ ይሻላል" ትለኛለች።

በያጅ ነኝ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ደግሞ ጎሮ፣ የራሴ ብየዳ ቤት። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ጉርድ ሾላ አንድ ግቢ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ፣ ሰዎቹ ሲበይዱ እያየሁ ነው የለመድኩት። የመጀመሪያው ቀን መነፅር እንደሚያስፈልግ የነገረኝ ስለሌለ፣ ያንን ብልጭታ በባዶ ዓይኔ ስኮመኩመው ዋልኩ። ማታ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተደፋ መሰለኝ። እናቴ ድንች ቆርጣ ዓይኔ ላይ እያደረገች፣ "አንተ ልጅ፣ ወይ በያጅ ትሆናለህ ወይ ዕውር" አለችኝ። ይኸው በያጅ ሆንኩ። እኛ ሰፈር ያለችግር የሚዘጋ በር ካያችሁ፣ የኔ ነው።

ብሎካችን ውስጥ የበጎ ፈቃድ ክበብ አለን። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የጎረቤት ነገር ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ የጋራ መገልገያ ቤቷ ውስጥ እንሰበሰባለን። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም "ቲቸር" ነው የምንላቸው። ቃለ ጉባኤውን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው። እኔ አፌን ስከፍት እስክሪብቷቸውን ያስቀምጡና "ይሄ አይመዘገብም" ይላሉ። ሐሙስ፣ ተረኛው ጤና ጣቢያ ሄዶ የአረጋውያኑን መድኃኒት ያመጣል። ዋናው ሥራችን ግን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሰው እናወርዳለን።

ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም። ጉልበቱ የደከመ ሰው አራተኛ ፎቅ ከደረሰው፣ አንዴ ወጥቶ ቀረ ማለት ነው። መስኮት ላይ ተቀምጦ ሰው ሲያልፍ ማየት ነው ሥራው። እኛ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እያወረድን፣ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እናስመታቸዋለን። ስድስት ሰዓት ላይ መልሰን እናወጣቸዋለን።

የምናወርድበትን ወንበር የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ። የብረት ወንበር ነው፤ ከፊት ሁለት እጀታ፣ ከኋላ ሁለት እጀታ በይጄበታለሁ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ከፊት፣ ማለትም ከታች በኩል፣ የብሎካችን ጥበቃ ይይዛል። ገና ጎረምሳ ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። ከኋላ እኔ ነኝ። እኔ ግን ሁለት ሥራ አለኝ። እሸከማለሁ፣ አወራለሁ። ምክንያቱም ደረጃ በወንበር ስትወርዱ ፊት ለፊታችሁ ያለው ባዶ ነው። አረጋውያኑ እሱን ሲያዩ ይደነግጡና ወንበሩ ላይ ይፈራገጣሉ። ከኋላቸው ሆኜ ሳስቃቸው ግን ወደ ታች ማየቱን ይረሱታል። ቲቸር እንኳ ይህችን መዝግበዋታል፤ "ማሳቅ፦ በያጁ" ትላለች።

አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እማማ አሉ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከወጣላት ልጃቸውና ከባሏ ጋር ነው የሚኖሩት። የዚሁ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት ላይ የእነሱ ጤፍ ይዘራበት ነበር። አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ፣ በመስኮት ጣታቸውን ቀስረው "ያ ቢጫ መኪና የቆመበት እኮ አውድማችን ነበር" ይላሉ። ቅዳሜ የሚቀመጡትም እዚያው፣ አውድማቸው ላይ ነው።

የወንበሩ የኋላ እጀታዎች ስለላሉ ነቅዬ በአዲስ ልተካቸው ጎሮ ወስጄው ነበር። "ለቅዳሜ ይደርሳል" አልኩ። የሰው በርና መስኮት ሲያጣድፈኝ አልደረሰም። "ለሚቀጥለው" አልኩ። እንደዚህ እያልኩ ሦስት ቅዳሜ አለፈ። በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ የእማማ ልጅ ደረጃ ላይ አገኘችኝና፣ "ጋሼ፣ እማዬ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ለብሳ በሩ ጋ ትቀመጣለች" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ቁጭ ብዬ በየድኩ። የቀኙን እጀታ ዙሪያውን ዘጋሁት። የግራውን ገና በሁለት የብየዳ ነጥብ ብቻ ያዝ እንዳደረግኩት፣ መብራት ሄደ። ጠበቅኩ። አልመጣም። ቲቸር ደወሉ።

"ወንበሩ ደረሰ?"

"ቲቸር፣ ዝሆን አምጡና አስቀምጡበት!"

እንዲህ አልኳቸው። አፌ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ስልኩን ስዘጋ እጄ ውስጥ የነበረው የቀለም ብሩሽ ነበር። መብራት እስኪመጣ ዝም ከምል ብዬ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ቀለም ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ የተበየደውንም ያልተበየደውንም እኩል ያሳምረዋል። ቀብቼ ስጨርስ እኔ ራሴ የትኛው ጎን እንዳላለቀ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ሚኒባስ ውስጥ ወንበሩን ይዤ ስገባ ረዳቱ፣ "ወንበር ሞልቷል፣ አባቴ የራሱን ይዞ መጥቷል!" ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱን እስከ አራብሳ ድረስ አዘንብበት ነበር። ያን ቀን ግን ሐሳቤ ሁለቱ ነጥብ ላይ ነበር። ጉድጓድ በገባን ቁጥር እጀታዋን እጨብጣለሁ። "ነጥብ ስንት ኪሎ ይይዛል? እማማ እኮ ላባ ናቸው። ቁርስም ብዙ አይበሉም።" እንደዚህ ነበር ሒሳቤ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት አልመጣም።

አራተኛ ፎቅ ስንደርስ እማማ እውነትም በሩ ጋ ናቸው። ነጭ ለብሰዋል፣ ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል።

"አንተ ወሬኛ፣ በሕይወት አለህ?" አሉኝ።

"እማማ፣ እንድናፍቅዎት ብዬ ነው የዘገየሁት።"

"እኔን የናፈቀኝ ፀሐይ ነው። አንተማ ከታች ስታወራ በመስኮት ትሰማለህ።"

ጥበቃው ሳቀ። ቲቸር የሚወርዱትን ስም ወረቀታቸው ላይ ምልክት አደረጉ። እማማ ተቀመጡ። አሁን ልናገር? "ቆይ፣ አንድ ነገር አለ" ብል በቃ። ግን እማማ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ነው፣ ጥበቃው ጎንበስ ብሏል፣ ቲቸር ሰዓታቸውን ያያሉ። ዝሆን አምጡ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አነሳን።

የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ቀልዴ ይወጣል። ግራ እጄ እጀታውን አልያዘም፤ ያዳምጠዋል። አንድ ደረጃ። ያዘ። ሌላ ደረጃ። ያዘ። ጥበቃው ከታች "ጋሼ፣ ቀለሙ እጄ ላይ ተጣበቀ እኮ" ይላል። "ዩኒፎርምህ ነው" እላለሁ። እማማ ይስቃሉ። በሳቁ ቁጥር ወንበሩ ይነቀነቃል፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ባይስቅልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ልንደርስ አምስት ደረጃ ሲቀር፣ ጠቅ አለ።

ትንሽ ድምፅ ናት። ሌላ ሰው ጣት የተሰበረ ይመስለዋል፤ በያጅ ግን ያውቃታል። አንዷ ነጥብ ሄደች። እጀታዋ እጄ ውስጥ ዘመም አለች። ዝም አልኩ። እጀታዋን ለቅቄ ግራ ክንዴን በወንበሩ መደገፊያ ሥር አስገብቼ፣ ወንበሩን ከነእማማ ደረቴ ላይ አስጠጋሁት።

እማማ ወዲያው አወቁ። ድምፁን አልሰሙም፤ የሰሙት የኔን ዝምታ ነው።

"ምነው?" አሉ። "ምነው ዝም አልክ?" ወደ ታች አዩና እግራቸው መፈራገጥ ጀመረ። "ሱታ! ሱታ!" ቀስ በሉ ማለታቸው ነው።

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?" አለ ጥበቃው። ወንበሩ ቢያመልጠኝ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚወርዱት።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልነበረም። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ቀልድ፣ አንዱ እንኳ አልመጣልኝም። "እንዳትቆም። ቀስ ብለህ ውረድ" ብቻ አልኩት። አምስቷን ደረጃ እንዴት እንደወረድናት እኔ አላውቅም፤ ክንዴ ላይ ለሁለት ሳምንት የቆየው ሰንበር ያውቃል።

ሦስተኛ ፎቅ ማረፊያው ላይ አስቀመጥናቸው። ቲቸር ከላይ እየሮጡ መጡ። እኔ ተንበርክኬ እጀታዋን በሁለት ጣቴ ወዲያና ወዲህ አወዛወዝኳት፤ እንዲያዩት ብዬ።

"አልጨረስኩትም ነበር" አልኩ። "መብራት ሄደብኝ። እስካሁን የያዘው ቀለሙ ነው።"

ቲቸር መነፅራቸውን አወለቁ። "ትናንት ዝሆን አምጡ አላልከኝም?"

"ዝሆን ነው እንጂ እማማን መች..." ብዬ ጀመርኩና መሐል ላይ ሞተብኝ። ማንም አልሳቀም። ጥበቃው አረንጓዴ መዳፉን ያያል።

"ይሄ ይመዘገባል" አሉ ቲቸር።

ከዚያ ሁላችንም እማማን አየን። ወደ ላይ አንድ ፎቅ፣ ወደ ታች ሦስት ፎቅ። ልጃቸው ከላይ "እማዬ፣ ትመለሺ?" ብላ ተጣራች።

"አልመለስም" አሉ እማማ። "ሦስት ቅዳሜ በር ላይ ጠብቄዋለሁ። ዛሬ አልመለስም።"

ጥበቃው ጀርባውን አዙሮ ቁጢጥ አለ። "እማማ፣ ይምጡ፣ እኔ ልዘልዎት።"

"አንተ ምን አጠፋህ?" አሉት። "ያጠፋው ይዘለኝ።"

አዘልኳቸው። ቲቸር እማማን በገዛ ጋቢያቸው ከወገቤ ጋር ጥፍር አድርገው አሰሩልኝ፤ እንደ ሕፃን። ጥበቃው ከፊቴ፣ ፊቱን ወደኛ አዙሮ፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ኋላ ይወርዳል። እማማ ላባ ናቸው ያልኩትን አንስቻለሁ። እጃቸው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

አንድ ነገር ልላቸው ስል ጆሮዬን ያዙት።

"አንተ ዝም በል። ትንፋሽህን ለእግርህ አድርገው። ወሬውን እኔ እችለዋለሁ።"

ቻሉትም። "ይኸው፣ በስተርጅና ፈረስ ገዛሁ" አሉ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ። "ፈረስ ስል ግን ፈረስ ይቀየማል።" ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሩን ከፍቶ ላየን ጎረቤት "ምን ታያለህ፣ ሙሽራ ወስዶኝ ነው" አሉት። "አውድማ ላይ አንዲት አህያ ነበረችን። ጭነቷ ሲላላ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ብትገረፍም አትሄድም፤ እስኪታሰርላት ድረስ። አንተ ልጅ፣ ያቺ አህያ ትምህርት ቤት አልገባችም።"

ጥበቃው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቲቸር እንኳ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ አልመለስኩም። ድምፃቸው ይቀልዳል፤ ጉልበታቸው ግን ጎኔ ላይ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ልባቸው ጀርባዬን ይመታል። ፈርተዋል፤ እየፈሩ ነው የሚያወሩት። ይህንን ዘዴ እኔ ብቻ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

እግሬን አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ እየዳሰስኩ፣ ከዚያ እየረገጥኩ፣ መሬት ደረስን። አንድ ቃል አልወጣኝም። እማማ አውድማቸው ላይ፣ ግድግዳው ሥር ሲቀመጡ ጋቢያቸውን አራገፉ፤ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "አሁን ማውራት ትችላለህ" አሉኝ። ሄጄ ከብሎኩ ጀርባ ቁጭ አልኩ።

መብራት አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ወንበሩን ተሸክሜ ጎሮ ሄድኩ፣ ቀለሙን ፋቅኩት፣ ዙሪያውን በየድኩ፣ ቀለም ሳልቀባው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አመጣሁት። እማማን ልናወጣ ስንል ቲቸር እጃቸውን ዘረጉ።

"አይሆንም። መጀመሪያ አንተ ተቀመጥ።"

እኔን ነው የተሸከሙኝ። ጥበቃውና የእማማ ልጅ ባል፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ታች። እኔ እኮ ሁለት እማማ አክላለሁ። የወንበሩን ግራና ቀኝ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ስንወርድ ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ አየሁት። ለካ እንደዚያ ነው የሚያስፈራው። እማማ ከታች "ሱታ! ዝሆኑን እንዳትጥሉት!" ይላሉ።

ረቡዕ ቃለ ጉባኤው ላይ ደንብ ሆኖ ተጻፈ፦ ቅዳሜ ማንም ከመቀመጡ በፊት በያጁ ተቀምጦ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ይወርዳል። እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ወንበሩም እስከ ዛሬ ቀለም አልነካውም፤ እያንዳንዱ ብየዳ በዓይን ይታያል።

ዝም ብዬ ወረድኩ ያልኩትን ግን አሁንም አላመናችሁም፤ ከፊታችሁ ያስታውቃል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አራብሳ ኑ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጭጭ ብሎ በወንበር ሲወርድ ካያችሁ፣ ብሎኩ እሱ ነው። ጥበቃውን ጠይቁት። ቲቸርን ጠይቋቸው፣ መዝገቡን ገልጠው ያሳዩአችኋል። እነሱንም ካላመናችሁ፣ ቢጫው መኪና ይቆምበት የነበረው ቦታ ሂዱና ፊታቸውን ለፀሐይ የሰጡትን እማማ ጠይቁ፤ ስለ አህያዋ ሳይነግሯችሁ ከለቀቋችሁ፣ ያኔ ውሸታም በሉኝ።