መድኃኒቴ በባላጋራዬ ኪስ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቦታው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ፣ ጊዜው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እስካሁን ሊፍት ውስጥ አልገባም። ስምንተኛ ፎቅ ወዳለው ቢሮዬ የምወጣው በደረጃ ነው፤ ባልደረቦቼ ለስፖርት ይመስላቸዋል።

ያኔ ሥራዬ የሬስሊንግ፣ ማለትም አሸናፊው አስቀድሞ የሚታወቅበት የትግል ትርኢት፣ ማናጀርነት ነበር። ማናጀር ስላችሁ ወረቀት የሚፈርም ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፉውን ሆኖ ከሚጫወተው ተጋዳይ ጋር ወደ መድረክ እየወጣሁ፣ ማይክ ይዤ ተመልካቹን እሰድባለሁ፤ ዳኛው ዞር ሲልልኝ ደግሞ የባላጋራችንን እግር እጎትታለሁ። ስልሳ ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ እንጀራዬ ምላሴ ነበረች። ሕዝቡ በጠላኝ ቁጥር አዳራሹ ይሞላል። አንድ ቀን ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አውቃኝ "አንተ ክፉ፣ ውረድ!" ብላ ጮኸችብኝ። በሙያችን ክፉ የሆነ ሰው መንገድ ላይም ክፉ ነው፤ ስለዚህ "ትርኢት ነው እኮ" እንኳ ሳልላት ወረድኩ።

ሙያው ሌላም ሕግ አለው። ሁሉ ነገር ጨዋታ ቢሆንም በአንዲት ምልክት አይቀለድም፤ ሁለት እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ ማንሳት። "የእውነቴን ነው፣ ተጎድቻለሁ፣ አቁሙ" ማለት ናት። እኔ ጉደኛው ግን ከዚያ እሑድ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር ቀለድኩባት። ሪንጉ ጥግ ወደቅሁና እጄን አጣመርኩ። ዳኛችን ኦቲየኖ ደንግጦ ግጥሚያውን አቆመ። ሁሉም ሲያጎነብሱልኝ ብድግ ብዬ ባላጋራችንን በጫማ አናቱን አልኩት። አዳራሹ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ።

በኋላ መልበሻ ክፍል ውስጥ ኦቲየኖ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ብራዘር፣ ያቺን ምልክት ገደልካት" አለኝ።

"አዳራሽ ሞላሁላችሁ እንጂ ምን ገደልኩ?" ብዬ ሳቅሁበት።

የዚያን እሑድ ጨዋታ ያቀድኩት እኔው ነበርኩ። ጣልቃ እንዳልገባ በብረት ፍርግርግ ሳጥን ውስጥ እቆለፋለሁ፤ ከሪንጉ በላይ በሰንሰለት እሰቀላለሁ። ከመቆለፌ በፊት ኪፋሩ የሚባለው የሕዝቡ ጀግና የሚያብረቀርቀውን ጃኬቴን ገፍፎ ይለብሳል፣ ሕዝቡም ይስቃል። ሁሉም እንደታሰበው ሆነ። ሳጥኑ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ አስም አለብኝ፣ በአፍ የምስበው መድኃኒቴ፣ ኢንሄለሬ፣ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው።

ሳጥኑ ክንድ አያዘረጋም። የመድረኩ የጭስ ማሽን ከታች ያጨሳል፣ ጭሱ ሁሉ ወደ እኔ ይወጣል። ቁልፉ ኦቲየኖ ወገብ ላይ ነው። መጀመሪያ ደረቴ ጠበበ። ዓይኔን ጨፍኜ ቀስ ብዬ ልተነፍስ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ትንሽ ቆይቶ ደረቴ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጭ ጀመር።

"ኦቲየኖ!" አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን መለሰ። ብረቱን ደበደብኩ፤ ሕዝቡም አብሮኝ ወለሉን በእግሩ ደበደበ። ዳግመኛ ልጣራ ስል ድምፄ ጠፋ። የቀረችኝ ያቺው ምልክት ነበረች። የሳጥኑ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለነበር እጆቼን ግንባሬ ላይ አጣመርኳቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። "ሙኦንጎ! ሙኦንጎ!" እያሉ አዜሙ፤ ውሸታም ማለታቸው ነው። ኦቲየኖም ራሱን ነቀነቀ። ኪፋሩ ከእግሬ ሥር ጃኬቴን ለብሶ ይጨፍራል፤ ኢንሄለሩ ያለበት ኪስ ሲወዛወዝ ይታየኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እየሞትኩ ነው፣ ሰው ያጨበጭብልኛል። የሚቆጨኝ ደግሞ፣ እንዳይሰሙኝ ያደረግኩት ራሴ መሆኔ ነው።

በዚህ መሀል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሐበሻ ሴት ብድግ አሉ። ዘበኞቹ ያዟቸው። ሕዝቡ የትርኢቱ ክፍል መስለውት ለእሳቸውም አጨበጨበ። ወደ ኦቲየኖ ጮኹ፣ አልሰማቸውም። ከዘበኞቹ እጅ አምልጠው ሰንሰለቱን ወደያዘው ሰው ሮጡ። ሰውየው የአዳራሹ የጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ስለ ሬስሊንግም ሆነ ስለ እኔ ውሸት የሚያውቀው ነገር የለም።

"ማማ፣ ኒ ክዌሊ?" አላቸው፤ እውነት ነው ወይ ማለቱ ነው።

"ክዌሊ! ልጁ መተንፈስ አቅቶታል!" አሉት፣ ስዋሂሊውን ከአማርኛ እያደባለቁ።

ማንንም ሳያስፈቅድ ሰንሰለቱን መልቀቅ ጀመረ።

ሳጥኑ የሪንጉን ወለል ሲነካ ጃኬቱን በጣቴ አሳየኋቸው። ሴትዮዋ ወደ ሪንጉ ወጥተው ያንን ግዙፉን ኪፋሩን ጃኬቱን ከኋላው ገፈፉት፤ እሱም ግራ ገብቶት እጁን ሰቀለ። ኪሱን በርብረው ኢንሄለሩን አወጡ። እንደለመደ ሰው ወዘወዙትና በፍርግርጉ መካከል አፌ ላይ ደገኑት።

"ሳብ። ያዘው። አሁን ልቀቅ። አይዞህ የኔ ልጅ፣ እዚሁ ነኝ።"

ኦቲየኖ የጠቆረ ከንፈሬን ያየው ያኔ ነው። ሮጦ መጥቶ ሳጥኑን ከፈተልኝ። ሕዝቡ ግን እየሳቀና እያጨበጨበ ወጣ።

ሴትዮዋ እትዬ ወርቅነሽ ይባላሉ። ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ይሠራሉ። ሬስሊንግ የሚወዱት ባለቤታቸው ናቸው፤ ጎትተው ያመጧቸውም እሳቸው ናቸው። ሴት ልጃቸው አስም አለባት። "ትከሻህ ከፍ ዝቅ ሲል አወቅሁት" አሉኝ። "አፍህ ቢዋሽ ትከሻህ አይዋሽም።"

ሰው ሁሉ በስልኩ ቀርጾ ኖሮ ቪዲዮው ከተማውን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ፓርክላንድስ ካለ አንድ የመዝናኛ ማርኬቲንግ ድርጅት ተደወለልኝ። ኃላፊው ካማው፣ "እንዲህ ማሳመን የሚችል ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት። ሴትዮዋንስ ከየት አመጣሃት? ግሩም ተዋናይት ናት!" አለኝ። እውነቱን ሳልነግረው ሥራውን ተቀበልኩ። ወደዚያ ሳጥን ከመመለስ ሌላ ማንኛውም ሥራ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ኮንሰርትና የኮሜዲ ትርኢት አስተዋውቃለሁ። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ካማው መጀመሪያ የሚያሳየው ያንን ቪዲዮ ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ እኔ ግድግዳው ላይ እታፈናለሁ፣ ደንበኞቹ ያጨበጭባሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ። ከወንበሬ ተነስቼ መውጣት እያማረኝ እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ።

ባለፈው ወር ካማው እትዬ ወርቅነሽን ለማስታወቂያ አምጣልኝ አለ። ሄጄ ነገርኳቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ትያትር አልሠራሁም። አንተ ትያትር ላይ ነበርክ እንዴ?"

አፈርኩ። በማግስቱ ካማው ቢሮ ገብቼ ያ ሁሉ ትያትር ሳይሆን የእውነት ልሞት እንደነበር ነገርኩት፤ ስነግረው እንባዬ መጣ። ካማው ጠረጴዛውን መታ። "ብራዘር፣ ይሄ ከቪዲዮውም ይበልጣል! ለደንበኞች ልክ እንደዚሁ ንገራቸው፣ እንባው ሳይቀር።"

ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ስለማሳምን ነው፣ ሥራዬንም እችላለሁ። ያ ቀን እውነት እንደነበር ግን በዚያ ቢሮ አንድም ሰው ማሳመን አልቻልኩም። በሰዓቱ ያመኑኝ እትዬ ወርቅነሽ ነበሩ፤ ያመኑኝም አንድ ቃል መናገር ባቃተኝ ጊዜ ነው።