ሰማይ አይደል ያጠናሽው?

እህቴን ትርንጎን ሸዋ ሮቢት ያስቀራት ሰውዬ መልኩን አላውቀውም። አዲስ አበባ፣ ከአንድ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የተማረውን ሁሉ በየአገሩ የሚመድብ ሰው ነበር አሉ። ዛሬም ባገኘው የምለውን አዘጋጅቼ ይዣለሁ፤ ጨዋ ፊት የሚባል ስላልሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ትርንጎ ከደብረ ሲና ተነሥታ ሶቪየት ኅብረት የሄደችው በ1969 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዋክብትን ተማረች፤ ከምን እንደተሠሩ፣ እንዴት እንደሚወለዱ፣ እንዴት እንደሚሞቱ። በመጨረሻው ዓመቷ፣ በ1975 መጋቢት ላይ፣ ሶቪየቶች አስትሮን የሚባል ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር አመጠቁ። በጣም የጋሉ ከዋክብት ብርሃናቸውን በብዛት የሚለቁት ዓይናችን በማያየው ቀለም ነው፤ ያንን ደግሞ አየሩ አያሳልፈውም። "አየር ለቆዳችን ጥላ ነው፣ ለእኛ ሥራ ግን መጋረጃ" ትላለች። ከመጋረጃው ወዲያ ለማየት ቴሌስኮፑን ይዞ ከአየር በላይ መውጣት ነው።

አስትሮን ከላካቸው የመጀመሪያ ብርሃኖች መካከል ፕሮፌሰሯ የአንዲት ኮከብን መረጠና "ይቺ ያንቺ ናት" ብሎ ሰጣት። ከኮከቧ ጎን የማይታይ ነገር አለ፤ ጋዟን እየሳበ ይውጣል። ጥቁር ጉድጓድ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ነበር። ጥርጣሬውን ማጥራት የትርንጎ ሥራ ሆነ። ጥቂት ወር እንደሠራች ትምህርቷ አለቀ፤ አገርሽ ግቢና መንግሥትሽ ሲፈቅድልሽ ለከፍተኛው ዲግሪ ተመልሰሽ ትጨርሻታለሽ አሏት።

አገሯ ገባች። መዳቢው ወረቀቷን አገላበጠና "ሰማይ አይደል ያጠናሽው?" አላት። "አዎ፣ ግን..." ስትል አላስጨረሳትም። "ዝናብም የሚመጣው ከሰማይ ነው" ብሎ ሸዋ ሮቢት ዝናብ እንድትለካ መደባት። ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበትን ነገር ሻይውን እያማሰለ ጨረሰው።

እኔ ያኔ ሸዋ ሮቢት አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበርና አንድ ቤት ተከራይተን አብረን ኖርን። ጠዋት ጠዋት ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው የታጠረ ሜዳ ትሄዳለች። ዝናብ የሚጠራቀምበትን ቆርቆሮ ጎንበስ ብላ ታያለች። ባዶ ነው፤ ዜሮ ትጽፋለች። የ1976 በልግ ጭራሽ ቀረ፤ የትርንጎም ሥራ ዜሮ መጻፍ ብቻ ሆነ። "ይሄንን ዶሮም ታየዋለች እኮ!" ትለኛለች ጥርሷን ነክሳ። ያ ሙቀት፣ ያ አቧራ ሲጨመርበት ቤታችን ውስጥ ያልተሰነጠቀ ብርጭቆ አልነበረም፤ የምትወረውረው እሷ ናት።

ይባስ ብሎ ከተማው ኮከብ ቆጣሪ አደረጋት። ኮከብ ነው የተማረችው ሲባል ለሰው የገባው የሚያውቀው ነው። ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ ሮማን አንድ ቀን እንቁላል በሰፌድ ይዘው መጡ። "የልጄንም የሚያገባትንም ልጅ ስም ከነእናቶቻቸው ይዤልሻለሁ። ኮከባቸው ይገጥም እንደሆን እስቲ እይልኝ፣ የኔ እመቤት።"

"እትዬ ሮማን፣ የኔ ኮከብ አማች አይመርጥም!" ብላ ጮኸችባቸው። እንቁላላቸውን አቅፈው ሄዱ። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

ያልጮኸችበት ሰው ቢኖር ጋሼ ሷሊሕ ብቻ ናቸው። ከሮቢ ወንዝ ማዶ የሚያርሱ፣ ገበያ ሲመጡ የመለኪያው አጥር ሥር ጥላ ይዘው የሚያርፉ ገበሬ ነበሩ። ዕጣ ፈንታቸውን አልጠየቋትም፤ የጠየቋት ያቺ የነገረቻቸው ኮከብ ምን ሆና እንደምትዋጥ ነው።

"ሮቢ ሲሞላ አዙሪቱን አይተው የለም?" አለቻቸው። "ገለባው ዝም ብሎ አይሰምጥም። መጀመሪያ ይዞራል፣ ከዚያ ነው የሚገባ። የኮከቧም ጋዝ እንደዚያው ነው። ሲዞር እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል፤ ሲግል ያበራል። የሚውጠውን አናየውም። ሊዋጥ ያለው ሲያበራ ግን ከጠፈር ሆነን እናየዋለን።"

"ሱብሃነላህ!" አሉ ጋሼ ሷሊሕ። "ታዲያ ሄደሽ እያት እንጂ፣ እዚህ ከኛ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?" አሏት።

"እሱንስ መንግሥትን ይጠይቁልኝ" አለች።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ዘነበ። ጥሩ ዝናብ ነበር፤ በማግስቱ ግን ሰማዩ ጥርግ አለ። የወረዳችን የቀወት ገበሬ የቀረው ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ዘር ነው፤ ቶሎ የሚደርስ ማሽላና ትንሽ ጤፍ። ቢዘራውና ዝናቡ ቢቀር ዘሩም ምግቡም በአንድ ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ከላይ ደግሞ ትእዛዝ መጥቷል፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መሬት ጦም እንዳያድር። የዘራው መሬት ቁጥር ተደምሮ መድረክ ላይ ሊነበብ ነው። የበላውን ሰው ቁጥር ግን የጠየቀ አልነበረም።

የአውራጃው ካድሬ ጓድ ይልማ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ። ወንበር ሳንሰጠው ተቀመጠ።

"ጓድ ትርንጎ፣ ነገ በገበሬዎቹ ስብሰባ ላይ ዝናቡ እንደሚቀጥል ሳይንሳዊ ማብራሪያ ትሰጫለሽ።"

"ይቀጥል አይቀጥል አላውቅም።"

"ማንስ ያውቃል? ማንም ካላወቀ ማን ይጠይቅሻል?" ፈገግ አለ። "ሶቪየት ለመመለስ ማመልከቻ አስገብተሻል። የሚጎድለው የኔ ፊርማ ነው። ስብሰባው እንዳለቀ እፈርማለሁ፤ በመስከረም ቴሌስኮፕሽ ዘንድ ነሽ።"

እሱ ሲወጣ ትርንጎ ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለስ ጀመር።

"ሊዘንብ ይችላል እኮ" አለችኝ።

"ባይዘንብስ?"

"ባይዘንብ እኔ እዚህ የለሁም።" ይህን ስትል የራሷ ድምፅ አስደነገጣት። "ምን ታፈጫለሽ? ኮከቤ እኮ ናት! እዚያ ለሌላ ሰው ሊሰጧት ነው! እኔ ለዝናብ ምኑ ነኝ? ማን ነው የዝናብ ኃላፊ ያደረገኝ?" ተናደድኩባት። ከሷ ይልቅ ግን በሰውየው ተናደድኩ። ሰውን የሚወደውን አሳይቶ በገዛ እጁ እንዲቆሽሽ ማድረግ ምን የሚሉት አረመኔነት ነው?

በማግስቱ ገበሬው ወርካው ሥር ተሰበሰበ። ጋሼ ሷሊሕ ከፊት ተቀምጠዋል። ጓድ ይልማ መፈክር አሰምቶ ሲያበቃ፣ "ሰማይን ከሥር መሠረቱ ያጠናች ምሁር ታስረዳችኋለች" ብሎ እህቴን አስነሣት። አንገቱን ያላሰገገ አልነበረም።

"የተማርኩት ኮከብ ነው" አለች። "ያቺ ኮከብ ከመራቋ የተነሣ ብርሃኗ እዚህ እስኪደርስ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል። ስለሷ ጠይቁኝ፣ እስኪመሽ እነግራችኋለሁ። ነገ ይዘንብ እንደሆን ግን እኔና እናንተ እኩል ነን። ይዘንባል በያቸው ተብያለሁ። አላውቅም! በኔ ቃል አንዲት ፍሬ እንዳትዘሩ።"

"ቁጭ በይ!" አለ ጓድ ይልማ።

"አልቀመጥም! ሥራዬን ከልክላችሁኛል። ባላወቅሁት ነገር ሰው እንዳስርብ ግን አታደርጉኝም!"

ከዚያው ከወርካው ሥር ወሰዷት። አድኃሪ ተባለች፤ ፖሊስ ጣቢያ ታሰረች። ገበሬው በትእዛዝ፣ ታጣቂ ከራሱ ላይ ቆሞ፣ ዘራ። ሐምሌ ጠብ ሳይል ወጣ። የበቀለው ነሐሴ ላይ ቆሞ ደረቀ። መስከረም ሲጠባ ባንዲራና ቀለም የጫኑ መኪኖች በደሴ መንገድ ይመላለሱ ነበር፤ በዚያው መንገድ ዳር ልጅ ያዘለ ርሃብተኛ ወደ ታች ይጎርፋል። ትርንጎን ፈቷት፤ አዝነው እንዳይመስላችሁ፣ ዜሮ የሚጽፍላቸው ሰው ስላጡ ነው። ኮከቧን ለሌላ ተማሪ ሰጧት። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ እዚያው ሸዋ ሮቢት ዝናብ ስትለካ ኖረች።

ከዚያ ሁሉ ዘመን ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጋሼ ሷሊሕ ቤታችን የመጡ ዕለት ነው። ከስተዋል። ከጋቢያቸው ሥር አንድ ቁና ማሽላ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ያን ቀን ከተናገርሽ በኋላ ዘሬን እኩሌታውን ደበቅሁት" አሉ። "ባለቤቴ ራቢዓና ልጆቹ እስከ ዛሬ በሱ ናቸው። ሌሎችም እንደኔ ያደረጉ አሉ። አላህ ይስጥሽ ልጄ።"

ትርንጎ ተነሥታ ቆመች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

"አያመስግኑኝ!" አለች። "በሙሉ ልቤ አይደለም ያደረግሁት። ያን ቀን ዋሽቼ ቢሆን ዛሬ ኮከቤ ዘንድ ነበርኩ። በየጠዋቱ የማስበው ይሄንን ነው፤ ልጆችዎን አይደለም። ይስሙኝ፤ ልጆችዎን አይደለም!"

ጋሼ ሷሊሕ አልተቀየሙም። "አውቃለሁ" አሉ። "ቀላል ቢሆንልሽማ ምን ያለፋኝ ነበር? ይህን ተሸክሜ አልመጣም ነበር።" ቁናውን እዚያው ትተው ወጡ።

ትርንጎ አልነካውም አለች። መልሺላቸው፣ ጣይው፣ አላየውም አለች። እኔ እሳት አነደድኩና ንፍሮ ቀቀልኩት። ርቦን ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ፣ እየተሳደበች፣ እኩል በላች።