ለጥማት የተዘራ ባቄላ

በዕፅዋት ሳይንስ ትምህርት ክፍላችን ሁሉም ሰው «ኮንትሮል» እያለ ይጠራት ነበር። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የገቡት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። በሙከራ ቋንቋ ኮንትሮል ማለት ሌሎቹ ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት ሲሰጣቸው እርሱ ምንም ሳይሰጠው ለማነጻጸሪያ የሚቀመጥ ወገን ነው። ከጓደኞቿ መካከል ወርኃዊ የኑሮ ድጎማ የሌላት እርሷ ብቻ ስለነበረች ቀልዱ ገጠመና ስም ሆኖ ቀረ። እርሷ ግን አትቀየምም።

«በእኔ ሙከራ ውሃ የሚጠጣው ኮንትሮሉ ነው፤ የምትደርቁት እናንተ ናችሁ» ትላቸው ነበር።

እውነቷን ነው። የምታጠናው ባቄላ ድርቅን እንዴት እንደሚቋቋም ነበር። በትምህርት ክፍሉ የተክል ማሳደጊያ መስታወት ቤት ውስጥ ጥቋቁር የፕላስቲክ መትከያዎችን በሁለት ረድፍ ደርድራ፣ የግራውን ረድፍ በየማለዳው ታጠጣለች፤ የቀኙን ትከለክላለች። እያንዳንዱን መትከያ ሚዛን ላይ እያስቀመጠች ምን ያህል ውሃ እንዳጣ ትለካለች። የቀኙ ረድፍ ቅጠሎች ሲጠወልጉ እንደ አስታማሚ ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች፤ ጠብታ ውሃ ግን አትሰጣቸውም። ጥማቱ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ቀን ከዘለቀ ቅጠሎቹ ተቆርጠው በበረዶ ይያዛሉ፤ ምርመራቸውም ስለ ድርቅ ይናገራል። አንዴ ከጠጡ ግን የሚናገሩት ሌላ ነው።

እኔ ሰውን ቶሎ የማደንቅ ሴት አይደለሁም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ ጨርሼ ለሁለተኛው ስገባ ከመምህራኑ በቀር የምማርበት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እርሷ ምላጭ ይዛ ቅጠልን ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ስትቆርጥ ባየሁ ዕለት ግን ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። በዚያው ወርም አንድ ክፍል ተከራይተን፣ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለን አብረን መኖር ጀመርን።

ድጎማ ጭራሽ ሳይኖራት ቀርቶ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የከፈላት ፕሮጀክት ሲዘጋ የእርሷም ወርኃዊ ገንዘብ አብሮ ተዘጋ፤ ባቄላው ግን ፕሮጀክት መዘጋቱን አያውቅምና ማደጉን ቀጠለ። የቤት ኪራይ ጨመረ፤ ትራንስፖርት ጨመረ፤ ለቤተ ሙከራ የሚያስፈልገውን ጓንት እንኳ በራሷ ገንዘብ መግዛት ጀመረች። ከሰዓት በኋላ እስከ ከተማው ዳር ድረስ እየሄደች የሀብታም ልጆችን ሒሳብ ታስጠናለች። ምሳ ሰዓት ላይ «አትበዪም?» ስላት ሆዷን መታ መታ አድርጋ «እርሱም የቀኝ ረድፍ ነው» ትለኛለች። የሳቅሁት የመጀመሪያውን ሰሞን ብቻ ነበር።

በዚያ ወቅት አማካሪያችን አዲስ ፕሮጀክት አገኙ። በውስጡ የአንድ ሰው ድጎማ ነበረበት።

«የድርቁን ውጤት ሴሚስተሩ ሳያልቅ አምጪልኝ፤ ድጎማው ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ግን የጥናት ጊዜሽም ያበቃል፤ ኮሚቴውን ከእንግዲህ ልለምንልሽ አልችልም» አሏት።

ከሩቅ የምርምር ማዕከል የተላከላት ዘር አልቋል፤ መስታወት ቤቱም ለሚቀጥለው ወቅት ለሌላ ጥናት ተመድቧል። መትከያዎቹ ላይ ያለው ባቄላ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር።

ቅጠሉ ሊቆረጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቷ ከገጠር መጡ። ልጃቸው በስልክ «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ» ስትል ድምፅዋ አላማራቸው ኖሮ ዱቄት፣ ምስርና ዘይት ተሸክመው በሩ ላይ ቆሙ። ቁመታቸው አጠር፣ ንግግራቸው ፈጠን ያለ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ልጄ፣ እውቀቱ ሥጋሽን ነው እንዴ የሚበላው?» አሉ።

አከራያችን እንግዳ ስታይ ወዲያው ሒሳብ ጀመረች። «አዳሩስ ይሁን፤ ውሎ ግን ያው ተጨማሪ ተከራይ ማለት ነው። ውሃው በነፍስ ወከፍ ነው የሚቆጥረው» አለች። ተጨማሪ የሚከፈል አልነበረም። ስለዚህ ኮንትሮል ለማስጠናት ስትሄድ እናቷን ቀን ቀን መስታወት ቤቱ ውስጥ ታስቀምጣቸው ጀመር። የውጭ ሰው ማስገባት ክልክል ነው፤ ቢሆንም ቁልፉ በእጇ ነበር፣ ስፍራውም ሞቅ ይላል። እናቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ።

«እማዬ፣ ባቄላውን እንዳትነኪው፤ አደራ» ትላቸው ነበር ስትወጣ።

«ምን ልሠራው እነካዋለሁ?»

ቅጠል በሚቆረጥበት ቀን ዋዜማ ፈተና ስቆጣጠር ውዬ፣ እርሷ ከማስጠናቱ ስትመለስ በር ላይ ተገናኘን፤ እናቷን ልንወስድ አብረን ገባን። ወለሉ እርጥብ ነበር። ቀና ብዬ የቀኙን ረድፍ አየሁ። ጠዋት ጨርቅ መስሎ የተንጠለጠለው ቅጠል ሁሉ ተዘርግቶ ቆሟል።

እርሷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«እማዬ፣ ማነው እዚህ የገባው?»

«ማን ይገባል? እኔው ነኝ ያለሁት።» ሹራባቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «ስሚ አንቺ ልጅ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ? እነዚያን በየጠዋቱ ታጠጫለሽ፤ እነዚህን የእንጀራ ልጅ አድርገሽ ታደርቂያቸዋለሽ። ምን በደሉሽ? ሦስት ቀን ሙሉ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ሰነበቱ፤ ዛሬስ አልቻልሁም።»

«እንዳትነኪው ብዬሽ አልነበር?»

«መች ነካሁት? ጣቴ አላረፈበትም! በውሃ ጎማው ነው፣ ከሩቅ፣ በስሱ። ለጋ ተክል በእጅ ሲነካ እንደሚጫጫ እኔ አላውቅምና ነው የምትነግሪኝ!»

እጇን ወደ አንዱ መትከያ ሰዳ አፈሩን ዳሰሰች፤ ጥቁር ጭቃ በጣቷ ወጣ። ከዚያ ፊቷን እንዴት እንደ ሰበሰበችው አላውቅም፣ ወደ እናቷ ዞራ ፈገግ አለች።

«ደግ አደረግሽ፣ እማዬ። ሥራ በዝቶብኝ ረስቻቸው ነው።»

«አላልኩም? ምን ይደረግ፣ ሰው በባዶ ሆዱ ምን ያስታውሳል!» አሉና እናቷ ባልዲውን አንሥተው ወደ ቦታው መለሱ።

እርሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሄዱ ክንዷን ያዝሁ። «ንገሪያቸው እንጂ!»

«ምን ብዬ?»

«ያደረጉትን ነዋ!»

«ለተጠማ ውሃ ማጠጣት ጥፋት ነው ልበላት? ለእናቴ?» ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «ተይኝ እባክሽ።»

በማግስቱ እኔ ስለ ራሴ ጽሑፍ ልጠይቅ አማካሪያችን ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ገባች። ልውጣ ብል በእጇ ከለከለችኝ። በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፦ ባቄላው ውሃ ጠጥቷል፣ ሙከራው ፈርሷል።

«ማን አጠጣው?»

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

«አንቺ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን?»

«አሳዘኑኝ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «የመስታወት ቤቱ ዘበኛ ከሆነ ንገሪኝ። የሠራተኛ ጥፋት ነው ብዬ ለኮሚቴው ብጽፍ አንድ ወቅት ሊጨምሩልሽ ይችሉ ይሆናል።»

ራስዋን ነቀነቀች። ዘበኛው ሰላምታውን እንኳ አጉርሶ የሚሰጥ ደግ ሰው ነበር፤ በሩን የከፈተው ግን እርሱ አልነበረም። እውነቱም ቢሆን አያድናትም፤ በእርሷ ቁልፍ የገባ ሰው ጥፋት የእርሷው ጥፋት ነው። የሚጨምረው ነገር ቢኖር የእናቷ ስም በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ መነሣቱን ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች እንደገና።

ወሬው ከምሳ በፊት ኮሪደሩን አዳረሰው። ለባቄላ ያዘነች የድርቅ ተመራማሪ! አሮጌውን ስም ትተው «ደመና» አሏት፤ በአጠገባቸው ስታልፍ አንዱ ሰማይ ሰማይ እያየ «ጃንጥላ ያዙ!» ይላል። እርሷ እርምጃዋን ፈጠን አድርጋ ታልፋለች። እናቷ ግን ደስ ብሏቸው ወደ ገጠር ተመለሱ፤ ልጃቸውን ሊያመልጣት የነበረውን ሥራ እንዳዳኑላት ለጎረቤት ሁሉ እንዳወሩ በኋላ ሰማን።

ኮሚቴው የጥናት ጊዜዋን ዘጋው። ድጎማውንና መስታወት ቤቱን አማካሪያችን ለእኔ ሰጡኝ። ከክፍሌ አንደኛ ነበርሁና ማንም አልተገረመም፤ እኔም አልተገረምሁም። ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ስነግራት፣ «ሌላ ሰው ቢወስደው ነበር የሚቆጨኝ» አለች። «ደግሞ ጓንት በራስሽ ገንዘብ እንዳትገዢ። ጠይቂያቸው፤ እኔ አፍሬ ነው ያልጠየቅሁት።» በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሕፃናት መምህርነት አግኝታ ነበር።

መስታወት ቤቱን ለተረካቢው ባዶ አድርጎ ማስረከብ ደንብ ነው። ሊያግዛት የመጣ አልነበረም፤ ተረካቢዋ እኔ ስለሆንሁ ከረጢቱን ይዤላት ቆምሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳታቋርጥ ያጠጣችው የቀኙ ረድፍ ከግራው በልጦ ነበር። ወገብ ደርሷል፣ አበባውን ጥሎ እሸት ይዟል። አንዱን ግንዱን ይዛ ነቀለችው፤ ሥሩን መትከያው ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርጋ አፈሩን አራገፈችና ከረጢቱ ውስጥ ጨመረችው። ሁለተኛውን ያዘች። ስልኳ ጮኸ።

በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣበቀችው፤ እጆቿ ጭቃ ነበሩ። የእናቷ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«እነዚያ ባቄላዎችሽ እንዴት ሆኑ?»

«ደህና ናቸው፣ እማዬ።»

«ፍሬ ያዙ?»

«ይዘዋል። እንዴት እንዳማሩ ብታዪያቸው!»

«ታዲያ ማጠጣቱን አትርሺ!»

«አልረሳም» አለችና ሁለተኛውን ነቀለች።