ወደ ጁላይ የተዛወረው ቀን

ላቮን ክሪገር እርሳስ ትወዳለች። በከተማችን የሰብአዊ ግንኙነት ኮሚሽን ሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ሆና ስትሠራ እስክሪብቶ ይዛ አይቻት አላውቅም። «በእርሳስ የተጻፈ ይታረማል፣ ሰውም አይቀየምበትም» ትል ነበር። አሁን ጡረታ ወጥታለች። ስለ እሷ ለመጻፍ የተነሣሁት ሰው ስሟን በክፉ ስላነሣው አይደለም። አንድም ሰው አላነሣውም፤ እኔን የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከንቲባው ኮሚሽነር አድርጎ ሲሾመኝ «የከተማው ወሬ ሁሉ አንተ ወንበር ላይ አይደል የሚቀመጠው?» አለኝ፤ ሌላ ችሎታ አልጠየቀኝም። ኮሚሽኑ ስሙ ከሥራው ይረዝማል። ሰባት ሆነን በወር አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንሰበሰባለን፤ ላቮን የጋገረችውን የሎሚ ኬክ እየበላን «በቀለሜ ምክንያት ቤት ተከለከልኩ» የሚለውን ሰው አቤቱታ እንሰማለን። በዓመት አንዴ ደግሞ በከተማው የሚኖሩ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በዓላቸውን በአደባባይ እንዲያከብሩ ትንሽ ገንዘብ እናከፋፍላለን። ለሜክሲኮዎቹ ሰጥተናል፣ ለቦስኒያዎቹ ሰጥተናል፣ ለአይሪሾቹም ሳይቀር ሰጥተናል፤ እነሱን ከመጠጣት ማን ከልክሏቸው እንደሆነ እንጃ።

ገንዘቡ የሚሰጠው በነጥብ ነው። ምግብ አለ? ጭፈራ አለ? በሩ ለሁሉም ክፍት ነው? ስንት ሰው ይመጣል? ወረቀቱን ያዘጋጀነው እኛው ነን፤ ሐዘን የሚባል መስመር አላስገባንበትም። ሰው ሊያለቅስ ብሎ የከተማ ገንዘብ ይጠይቃል ብሎ ማን ያስባል?

ላቮን የተወለደችው ከከተማው በስተምዕራብ ባለ የአሳማ እርሻ ላይ ነው። ባሏ መርል ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ፀጉሩን ልቆርጥለት ሄጄ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን አንድ ነገር አጫወተችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ወንድሟ ትራክተር ተገልብጦበት ሞተ። እናቷ አላለቀሰችም፤ ሦስት ትሪ ድንች በአይብ ጋገረች። ጎረቤቱም እንደዚሁ ምግብ ይዞ መጣ። ሰው በላ፣ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ ተወራ፣ ሳህኑ ታጠበ። የልጁን ስም ግን ያን ዕለትም ከዚያም ወዲያ የጠራ የለም። እኛ አገር እንዲህ ነው። ሐዘን ቤት ሲገባ ምድጃ ይለኮሳል። ክፋት የለበትም፤ ደግነታችን እሱ ነው፣ ሌላ ደግነት አልተማርንም።

የማርሻል ደሴቶች ሰዎች ወደ ከተማችን የመጡት ለሥጋ ፋብሪካው ነው። ከፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ተነሥተው እዚህ አሜሪካ መሀል፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ በክረምት አፍንጫ የሚቆርጥ ብርድ ውስጥ ገቡ። ሩቦን ከእነሱ አንዱ ነው፤ በሳምንቱ ፋብሪካው ውስጥ ሥጋ ከአጥንት ይለያል፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ያዘምራል፣ በወር አንዴ እኔ ዘንድ ይቆረጣል። ጨዋ ሰው ነው። እነሱ «እሺ» የሚሉት ቅንድባቸውን ከፍ በማድረግ ነው። ታላቅ የሆነ ሰው ያለውን «አይሆንም» ማለት ደግሞ ነውራቸው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እንዲያውም እንደ መልካም ጠባይ እየቆጠርን ስናመሰግናቸው ኖረናል።

በአንድ ኖቬምበር፣ ማመልከቻ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቃለ ጉባኤ ልፈርም ላቮን ቢሮ ገብቼ ሳለ ሩቦን ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ።

«ዮክዌ፣ ወይዘሮ ላቮን። የላኩኝ ቡቡ ኔይጆን ናቸው።»

ዮክዌ ሰላምታቸው ነው፤ ቡቡ ማለት ደግሞ አያት ማለት ነው፤ ሴትዮዋ የሩቦን እናት ታላቅ እህት ቢሆኑም ማኅበሩ በሙሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን ይታጠባሉ።

ላቮን ማመልከቻውን ተቀብላ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

«ማርች አንድ? እንዴ ሩቦን! በማርች ማን ከቤቱ ይወጣል? መርል ነፍሱን ይማረውና ለራሱ ልደት እንኳ አይወጣም ነበር።»

«ቡቡ ቀኑ እሱ ነው ብለዋል። ውጭ፣ መናፈሻው ውስጥ፣ በረዶው ላይ።»

«ደግሞ ውጭ! እሺ፣ ምግቡ ምንድን ነው?»

«ምግብ እንኳ... አልተነጋገርንም። የሚናገሩት ነገር አላቸው። የከተማው ልጆች እንዲሰሙላቸው ነው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ቦምቡ መሰለኝ። ለእኛም ነግረውን አያውቁም። ከውስጥ ደብዳቤ አለ፤ ክሊኒክ ያለችው አስተርጓሚ ጻፈችላቸው። ለኮሚሽኑ ነው ብለው አሽገውታል።»

ስለ ቦምቡ በደምሳሳው ሁላችንም እናውቃለን። መንግሥታችን ትልቁን የኒውክሌር ቦምብ የሞከረው በእነሱ ደሴቶች ላይ ነው፤ አመዱ ሰው ባለበት ደሴት ላይ ወረደ፣ ሰዎቹ ታመሙ፣ ከአገራቸውም ተነሡ። ትምህርት ቤት አንድ ገጽ ተኩል አንብበን አልፈነዋል።

ላቮን ፖስታውን ቀደደች። ዓይኗ ከላይ እስከ መሀል ሮጠ፣ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ፣ በእርሳሷ ዳር ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገችና ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ ፊቷ በራ። ያን ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ሰው ልትረዳ ስትል የሚመጣ ነው።

«ስማኝማ፣ ትንሿ ልጅህ አንድ ዓመት የሚሞላት መቼ ነው?»

«ጁላይ ላይ።»

«እናንተ ለዚያ ትልቅ ድግስ ትደግሱ የለም? ኬመም የምትሉት?»

«አዎ፣ ኬመም። ዘመድ ሁሉ ይመጣል።»

«ታዲያ እሱን መናፈሻው ውስጥ አናደርገውም? ዶሮ አለ፣ ሩዝ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ሰው አለ። ቡቡ የክብር እንግዳ ይሁኑና መድረክ ላይ ወጥተው እንኳን ደኅና መጣችሁ ይበሉ። እንዲህ እንደመጣ ካቀረብኩት ይወድቅባችኋል፤ ሙሉ ነጥብ እንድታገኙ እኔ ራሴ አስተካክልልሃለሁ።»

ሩቦን ኮፍያውን በእጁ አንድ ዙር አዞረ። ከዚያ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

መዘግየቱን አይቻለሁ። ላቮን ወረቀቱ ላይ አቀርቅራ ስለነበር አላየችም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። አይቼ ምን አልኩ? «ይኸው ተስማማ! ላቮን እኮ ድንጋይም ታሳምናለች» አልኩ። ሦስታችንም ሳቅን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ለደንበኞቼ ስተርት የምውል ሰው፣ ሥሩ ፊቴ ተቀምጦ አልጠየቅሁም።

በስብሰባው ላይ ላቮን ያስተካከለችው ማመልከቻ እንዲያልፍ ሰባታችንም እጅ አወጣን። በሌላው እጄ ኬክ ይዤ ነበር።

ጁላይ ላይ ድግሱ ሆነ። መናፈሻው ሞላ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ የሞላ በዓል አላስታውስም። ሕፃኗ በአበባ ተሸፍና ከእቅፍ ወደ እቅፍ ትዞራለች፣ የተጠበሰው ዶሮ ይሸታል፣ ሴቶቹ በረጅም የአበባ ቀሚስ ያሸበሽባሉ። ቡቡ ኔይጆን የአበባ ጉንጉን ራሳቸው ላይ አድርገው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ ሰው ናቸው፤ እግራቸው ሣሩን በደንብ አይነካም። ላቮን በላብ ተጠምቃ ማይክራፎኑን ወስዳ አፋቸው ሥር ያዘችላቸው።

ቡቡ ወደ ሰማይ አዩ። ከዚያ ዘወር ብለው ሩቦንን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁት። ሩቦን አፈረ።

«ምን አሉ?» አለች ላቮን።

«በረዶው መቼ ነው የሚመጣው? ነው የሚሉት።»

በዚያ ሐሩር! ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ላቮንም ሳቀችና ትከሻቸውን አቅፋ «አይዞዎት ቡቡ፣ ይመጣል! ኋላ ደግሞ ሂድልኝ እንዳይሉት!» አለች። ተጨበጨበ። ቡቡም ሕዝቡ ሲስቅ አይተው ፈገግ አሉ፤ «ብሉ» አሉና ማይክራፎኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። የጋዜጣው ሰው ያን ፈገግታ ፎቶ አነሣው። ኮሚሽኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ግን አሁን ወንበሬን አዙሬ ነው የምቀመጠው።

ቡቡ በጃንዋሪ አረፉ። ከአልጋ ወደ ኩላሊት እጥበት ሲወስዷቸው መኪና ውስጥ ነው አሉ፣ ምንም ሳይጨነቁ። ሩቦን ላቮን ዘንድ መጥቶ፣ ያን የመሰለ በዓል ያደረገችላቸው እሷ ስለሆነች በቀብሩ ላይ ሁለት ቃል እንድትናገር ለመናት። እሷም ምን እንደምትል ለማዘጋጀት ፋይሉን አወጣች።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ሱቅህን ዝጋና ና» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ስደርስ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አንብብ አለችኝ። እንዲህ ይላል።

«ለከተማው ሽማግሌዎች። ኔይጆን እባላለሁ። የተወለድኩት በረዶ የማያውቅ ደሴት ላይ ነው። በሰባት ዓመቴ፣ በማርች የመጀመሪያ ቀን፣ ከሰማይ ነጭ ነገር ወረደብን። እኛ ልጆች ሮጠን ወጣን። በእጃችን አፈስነው፣ ፊታችንን ተቀባነው፣ ቀመስነው። ከተማችሁ ስመጣ ልጆቻችሁ በረዶ ሲወርድ ምላሳቸውን አውጥተው ሲሮጡ አየሁና በመስኮት ጮኽኩባቸው። አሮጊት ናት ተባልኩ። አሁን መጮኽ አልፈልግም፤ መናገር ነው የምፈልገው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀኑ እሱ ይሁንልኝ። ነጩን ነገር ረግጬ ቆሜ፣ እንዳልጎዳኝ ካላየሁ አፌ አይከፈትም። እህቴ አብራኝ ነበረች። የእሷን ነገር ያን ቀን እነግራችኋለሁ።»

ዳሩ ላይ፣ ከመሀል አጠገብ፣ በላቮን ቆንጆ ጽሕፈት ሁለት መስመር አለ። «ያሳዝናል። ምግብ ቢጨመርበት?»

«እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም» አለች። «ያሳዝናል ብዬ ተውኩት። አየህ? ማዘኔን ጽፌ ተውኩት።»

ላጲስ በእጇ ይዛ ነበር። አላጠፋችውም። እኔም የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልላት አፌን ከፈትኩና እሱም ለማጽናናት ሳይሆን ለማምለጥ መሆኑ ገባኝ፤ ዘጋሁት።

ለአስተርጓሚዋ ደወለች። ልጅቷ አርካንሳስ ሄዳለች። «ከዚያ ሌላ አልነገሩሽም? ስለ እህታቸው?» «አይ፣ ጠይቄያቸው ነበር። ለቀኑ ይቆይ አሉኝ።»

በማግሥቱ ሩቦን መጣ። ላቮን ደብዳቤውን ሰጠችው። ቆሞ አነበበ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ቀስ ብሎ። ዳሩ ላይ በእርሳስ የተጫረውንም አነበበው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«እህት? እናቴን ይሆን? ግን እናቴ ያኔ አልተወለደችም።» እንደገና አነበበው። «ሌላ አክስት ነበረችኝ ማለት ነው?»

ማንን ሊጠይቅ? እናቱ ቀድማ ሞታለች። እሱን ሊመልስለት የሚችል ሰው ከዚህ እስከ ደሴቶቹ ድረስ አልነበረም።

«ሩቦን፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች ላቮን። «ተቆጣኝ። እባክህ ተቆጣኝ።»

«ለእኛ ብለው ነው ያደረጉት፣ ወይዘሮ ላቮን» አለና ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ቢሰድባት በወደድኩ። እሷም ብትሰደብ ትወድ ነበር።

በቀብሩ ላይ አልተናገረችም። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሥራዋን ለቀቀች፤ የስንብት ኬክ እንዳይጋገር አስጠነቀቀች።

ማርች አንድ ቀን በረዶ ይወርድ ነበር። የሰው አገጭ ሳሙና ቀብቼ በመስኮት ሳይ ላቮን መናፈሻው መሀል ቆማለች፤ ከአጠገቧ ሩቦንና የእሱ ልጆች፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ሌሎችም ጥቂት፣ አሥር ቢሞሉ ነው። ደንበኛዬን ከነሳሙናው ትቼ ወጣሁ። ምግብ የለም፣ መድረክ የለም። ደብዳቤውን ጮክ ብላ እያነበበች ነበር፤ በረዶ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ በጓንቷ ትጠርገዋለች። ልጆቹ መጀመሪያ ይገፋፉ ነበር፤ «ቀመስነው» የሚለው ጋ ስትደርስ መገፋፋቱን ተዉት። ምላሷን አውጥታ የነበረች አንዲት ልጅ አፏን ገጠመች።

«እህቴ አብራኝ ነበረች። የእሷን ነገር ያን ቀን እነግራችኋለሁ» ብላ ላቮን ወረቀቱን አጠፈችው።

የሩቦን ትልቋ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ትንሽ ጠበቀችና «ከዚያስ?» አለች።

ላቮን በረዶው ላይ ተንበረከከች።

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ። ሊነግሩን ፈልገው ነበር፤ እኔ ሌላ ቀን አልኳቸው።»