በጆንያ ላይ የተሣለው ቀበሌ

መምህርት ማንጠግቦሽ ከሮብ ገበያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬደው ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አስተምራለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ሱፐርቫይዘር መጥቶ ስንቱ ሄዷል፤ አንዱንም ፈርታ አታውቅም። የኅዳሩ ግን ሌላ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነው። ሰውየው የሚመጣውም ሦስተኛ ክፍል የተቀመጡት አርባ አንድ ልጆች ለክፍሉ ይመጥናሉ ወይስ ወደ ሁለተኛ ይመለሱ ብሎ ሊወስን ነው።

ከአርባ አንዱ መካከል እንቅልፍ የነሳቻት አንዷ ነበረች። ዘመናይ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል። አባቷ አያ አንሙት እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ መምህርቷን ቅጥሩ ሥር አስቁመው ነግረዋታል።

«መምህርት፣ እኔ ነገር አላበዛም። የልጅቱ ቁመት እናቷን አክሏል። እናንተ ወደ ኋላ ከመለሳችኋት እኔም ወደ ቤት እመልሳታለሁ።»

«ኧረ አያ አንሙት፣ ልጅቱ እኮ ጎበዝ ናት!»

«ጎበዝ ከሆነች ምን ያስመልሳታል? አንድ ማሳ ሁለቴ ምን ያሳርሳል?»

«እርስዎስ እርሻዎን ሦስቴ አራቴ ያርሱት የለም እንዴ?»

አያ አንሙት ሳቁ። ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

ማንጠግቦሽ ይህን ነገር ታውቀዋለች። የዛሬ ሃያ ዓመት ወለተ ኪዳን የምትባል ተማሪ ነበረቻት። ሁለት ነጥብ ጎድሏት ክፍል ደገመች፤ ያስደገመቻትም ራሷ ማንጠግቦሽ ናት፣ ደንብ ነው ብላ። ልጅቱ በማግሥቱ ቀረች፤ በሳምንቱም አልመጣች። አሁን ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች። መምህሯን ስታይ «ቲቸር!» ብላ ብድግ ትላለች፣ ከሚዛኑ በላይ ሁለት ሦስት ድንች ትመርቅላታለች። ቂም የሚባል ነገር የላትም። ማንጠግቦሽን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው፤ ብትቀየማት ይቀላት ነበር።

ልጆቹ ያን ሰሞን የቀበሌያቸውን ካርታ ሠርተው ነበር። ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ተርትረው አንድ ላይ ሰፉ። መንገዱን በከሰል ሣሉ፣ የገብሱን ማሳ በገብስ ፍሬ፣ ቤቱን በባቄላ፣ ወንዙን በሰማያዊ ክር አድርገው በዱቄት ሙጫ ለጠፉ። ርቀቱን የለካችው ዘመናይ ናት፣ ከትምህርት ቤቱ ደወል ተነሥታ በየአቅጣጫው እርምጃዋን እየቆጠረች። ከግርጌው «አንድ ጣት መቶ እርምጃ ነው» ብለው ጻፉበት።

ሱፐርቫይዘሩ ታረቀኝ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ጫማው ጭቃ ስለነካው ፊቱ አልተፈታም። መጀመሪያ አስነበባቸው። አንዳንዱ እንደ ውኃ ወረደለት፤ ይስማው የተባለው ልጅ ግን አንዲት መስመር ላይ ሦስት ጊዜ ተደናቀፈ። ሰውየው ጻፈ። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጆንያ ዞሮ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀበሌያችን!» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

«ታዲያ የጮቄ ተራራ በግራ በኩል ምን ይሠራል? ካርታ ላይ ሰሜን ከላይ ነው። እናንተ እኮ ጮቄን ወደ ምዕራብ አሰደዳችሁት!»

«ተራራ አይሰደድም ቲቸር!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

ታረቀኝ አልሳቀም። አሁንም ጻፈ።

ማንጠግቦሽ ካርታውን አየችው። እውነቱን ነው፤ ከላይ የዋለው ምሥራቅ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታየው ከርማ አልታወቃትም። እሷም አገሩን በልቧ ስታስበው ፊቷን ወደ ፀሐይ መውጫ አድርጋ ነው፤ ስትጸልይ እንደምትቆመው። ለልጆቹ ልትከራከር ወደ ካርታው ራመድ አለች።

ዘመናይ እጇን አወጣች። «ልናገር ቲቸር?» አለች። መልስም ሳትጠብቅ ከዴስኩ ወጥታ የጠዋት ፀሐይ ወደሚያበራበት በር ዞረችና እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች።

«ፊቴን ወደ ፀሐይ መውጫ ሳዞር ግራ እጄ ሰሜን፣ ቀኝ እጄ ደቡብ፣ ኋላዬ ምዕራብ ነው። የተማርነው እንዲህ ነው። የሣልነውም እንዲህ ቆመን ነው። ጮቄ በግራ እጄ ነው፤ ወጥተው ይዩት።»

ሰውየው እውነትም ወጣ። ከበሩ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አደረገ። በግራው ጮቄ ደመና ተከናንቦ ተቀምጧል። ተመልሶ ገባና ከአንዱ ልጅ ፊት መጽሐፍ አንሥቶ ገለጠ። የአቅጣጫው ትምህርት ቃል በቃል ልጅቷ እንዳለችው ነው።

«እሺ፣ ከቤትሽ እስከዚህ ስንት እርምጃ ነው?»

ዘመናይ ጣቶቿን ጆንያው ላይ እያሳለፈች ለካች። «አሥራ ሦስት ጣት ከግማሽ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ።»

«በካርታው ነው በእግርሽ?»

«በሁለቱም። ዝናብ ሲሆን ግን ስለምሮጥ ያንሳል።»

ታረቀኝ አሁን ሳቀ። ቅድም የጻፈውን ሁለት መስመር ሰረዘና ወደ ማንጠግቦሽ ዞረ።

«መምህርት፣ ንባቡ ላይ የደከሙ አሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ይጨምሩላቸው። ሌላው ዓለም ሰሜንን ከላይ እንደሚያደርገውም ይንገሯቸው። የሚመለስ ልጅ ግን የለም። ሁሉም ሦስተኛ ክፍል ናቸው።»

ልጆቹ ለእረፍት ወጡ። ማንጠግቦሽ አጭሩ ዴስክ ላይ ቁጭ አለች። ከትከሻዋ ላይ ሙሉ እንስራ የወረደላት ያህል ተነፈሰች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ስትመለስ አያ አንሙትን ገብስ ሲያጭዱ አገኘቻቸው። ከመንገዱ ሆና ተጣራች።

«አያ አንሙት! ዘመናይ አትመለስም! ሦስተኛ ናት!»

ሰውየው ቀና አሉ። «እሰይ!» አሉ፤ ቃሉ አምልጧቸው ነበርና ወዲያው ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ደስ አለዎት እንዴ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ምን ደስታ ነው መምህርት፣ እፎይታ ነው እንጂ! ያን ቃል ከተናገርሁ ጀምሮ እኮ እናቷ አኩርፋኝ ነው የከረመችው። አሁን ታናግረኝ ይሆናል።»